ገላጭ አኒሜሽን

ገላጭ አኒሜሽን ውስብስብ አሠራርን ወይም መርሐ ግብርን በተንቀሳቃሽ ሥዕልና በትረካ የሚያብራራ፣ በአብዛኛው ከጥቂት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ነው። የተስፋፋው ዩቲዩብ በ2005 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ በኋላ ነው።

በትምህርት ዘርፍ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካ የታላላቅ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያዘጋጀው የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውንና ከ40 በላይ ግዛቶች የተቀበሉትን ኮመን ኮር የተባለውን የቋንቋና የሒሳብ መመዘኛ ለወላጆች ያስረዳል። ረጅሙን ሰነድ በአንድ ምስል ጠቅልሎታል፦ ትምህርት ከአጸደ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ፍጻሜ የሚወጣ ደረጃ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን አንድ ክፍል ነው።

የዘዴው ጉልበት በሥዕልና በድምፅ መናበብ ላይ ያርፋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር እንዳሳየው፣ ተማሪ ሥዕል እያየ ማብራሪያውን ሲሰማ፣ ያንኑ ማብራሪያ በስክሪን ላይ ከሚያነብበት ጊዜ የተሻለ ይገነዘባል፤ ዓይን በሁለት ሥራ አይጠመድምና። ትረካው ከሥዕሉ ተነጥሎ ስለሚቀዳ ድምፁን ብቻ በመለወጥ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ይቻላል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሳይንቲፊክ አኒሜሽንስ ዊዝአውት ቦርደርስ የግብርናና የጤና ትምህርቶቹን አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ያሰራጨው በዚህ መንገድ ነው። ቪዲዮው የሚያብራራው መርሐ ግብር ሲሻሻል ግን ሥዕሉን እንደገና መሥራት ከጽሑፍ እርማት ይልቅ ብዙ ወጪ ይጠይቃል።