«ሙሉ ልክ» ወይስ «የክንድ ልክ»? ስለ ቪዮላ መጠን ስያሜ ታሪክ

አንድ ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ስሕተቱ የሚገለጸው ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ ነው። ይህን ያስተማረን የራሳችን ስሕተት ስለሆነ ነገሩን ከዚያ እንጀምራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቫዮሊን ወደ ቪዮላ ለመዛወር ያሰበች አንዲት ወጣት የመሣሪያ መጠኖችን የሚዘረዝር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንድንተረጉምላት ጠየቀችን። ለዐዋቂ የሚሆነውን መጠን የሚያመለክተውን ቃል፣ በቫዮሊን እንደ ተለመደው፣ «ሙሉ ልክ» ብለን መለስነው። እርሷም ሙሉ ያልተባለው ሁሉ ጎደሎ መስሏት 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን መረጠች። ከወራት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለሕዝብ በተከፈተው በእንጦጦ ፓርክ ስናገኛት፣ የግራ እጅዋን አንጓ እያሻሸች «ጋሼ፣ መሣሪያውስ ሙሉ ነው፤ ጎደሎው የኔ እጅ ነው መሰለኝ» አለችን። ጎደሎው ግን እጅዋ ሳይሆን ቃላችን ነበር።

ስሕተቱ ከወዴት መጣ? ቫዮሊን የተወሰነ ልክ አለው። የዐዋቂ ቫዮሊን የድምፅ ሳጥን ርዝመት 35.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ የሚያንሱት የልጆች ቫዮሊኖች «ሦስት አራተኛ»፣ «ግማሽ» እየተባሉ በክፍልፋይ ይጠራሉ። ክፍልፋዩም ቢሆን የስም እንጂ የርዝመት አይደለም፤ «ግማሽ» የሚባለው ወደ 31 ሴንቲ ሜትር ይደርሳልና። የሆነ ሆኖ ከክፍልፋዮቹ በላይ የታወቀ አንድ መጠን ስላለ «ሙሉ» ማለት በቫዮሊን ዘንድ ትርጉም አለው። ቪዮላ ግን እንዲህ ያለ መጠን የለውም። 38ም፣ 40ም፣ 43 ሴንቲ ሜትርም የሆኑት ሁሉ የዐዋቂ ቪዮላዎች ናቸው።

ምክንያቱ ከድምፁ ይመነጫል። ቪዮላ ከቫዮሊን በአምስት የድምፅ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይቃኛል። የሳጥኑ ርዝመት ከቅኝቱ ጋር እኩል ይመጣጠን ቢባል የቫዮሊን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 53 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን ነበረበት፤ ይህም ከአገጭ ሥር ተይዞ አይመታም። ስለዚህ የቪዮላ ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ የድምፅና የክንድ ክርክር ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜን ኢጣሊያ፣ በብሬሻና በክሬሞና፣ ጋስፓሮ ዳ ሳሎና የአማቲ ቤተ ሰቦች ትልልቅ ቪዮላዎችን ይሠሩ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኋላ ዘመን ለመያዝ እንዲመቹ እየተቆረጡ አጥረዋል። ስትራዲቫሪ እ.ኤ.አ. በ1690 ለሜዲቺ ቤተ ሰብ ከሠራቸው ሁለት ቪዮላዎች ትልቁ ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀርመናዊው ሄርማን ሪተር ይህንኑ የሚያህል መሣሪያ አሠርቶ ነበር፤ ቫግነርም ወደደለት፤ ነገር ግን የብዙዎች ክንድ አልቻለውም። በ20ኛው ምዕተ ዓመት እንግሊዛዊው ሊዮኔል ተርቲስ 42.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አምሳያ አወጣ። ይህም ከብዙ አምሳያዎች አንዱ ሆነ እንጂ የሁሉ ልክ አልሆነም።

የስሞቹ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የኢጣሊያንኛው «ቫዮሊኖ» ከ«ቪዮላ» የተገኘ የማሳነሻ ስም ነው፤ ስለዚህ በቃሉ ታሪክ ቫዮሊን ትንሽ ቪዮላ ነው እንጂ ቪዮላ ትልቅ ቫዮሊን አይደለም። ፈረንሳዮች መሣሪያውን በድምፁ ስም «አልቶ» ይሉታል። ጀርመኖች «ብራቸ» የሚሉት «ቪዮላ ዳ ብራቾ» ከሚለው ወስደው ሲሆን ትርጉሙ «የክንድ ቪዮላ» ማለት ነው። በእግር መካከል ተይዛ የምትመታው «ቪዮላ ዳ ጋምባ»፣ የእግር ቪዮላ፣ ትባል ነበርና መለያው አያያዙ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ለጉዳዩ ባዕድ አለመሆኑን እናያለን። «ብራቾ» በኢጣሊያ የአካል ክፍል ስም ብቻ ሳይሆን የጨርቅ መለኪያም ነበር፤ የእኛም «ክንድ» እንደዚሁ የአካልም የመለኪያም ስም ነው። ስንዝርና ጋትም ከሰው አካል የተወሰዱ ናቸው። ማሲንቆም ቢሆን በፋብሪካ ልክ የሚሠራ አይደለም፤ አዝማሪው ክሩን የሚቃኘው ለገዛ ድምፁ እንዲስማማ አድርጎ ነው። ልክን ከሰው አካል መነሣት በቋንቋችን የቆየ ልማድ ነውና ለቪዮላ የሚያስፈልገው ስያሜ ከዚሁ ቢቀዳ ተገቢ ይሆናል።

የመሣሪያውን ስም በተመለከተ ለውጥ አንሻም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው ዛፍ የውጭ ስሙን ትቶ «ባሕር ዛፍ» ተብሏል፤ ቪዮላ ግን ስሙን ይዞ ቢኖር የሚጎዳው ሰው የለም። ከቫዮሊን ጋር በማመሳሰል «ቫዮላ» ተብሎ ከሚጻፍ ይልቅ «ቪዮላ» ቢባል ለምንጩ ይቀርባል። የሚጎዳው የልኩ ስያሜ ነው። ስለዚህ ለቫዮሊን «ሙሉ ልክ» እንዲጸና፣ ለቪዮላ ግን «የክንድ ልክ» እንዲባልና ቁጥሩ በሴንቲ ሜትር እንዲከተል ሐሳብ እናቀርባለን። ተርጓሚውም «የሳጥን ርዝመት»ንና «የክር ርዝመት»ን እንዲለይ ያስፈልጋል፤ ሳጥናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቪዮላዎች የክራቸው ርዝመት ሊለያይ ይችላልና፤ የግራ እጅ ጣቶች የሚዘረጉትም በክሩ ላይ ነው።

ቃሉ እንዲህ ሲታረም ምርጫውም ይታረማል። መራጩ መሣሪያውን ከአገጩ ሥር አድርጎ የግራ ክንዱን ወደ ጫፉ ይዘረጋል፤ ጣቶቹ ጥምዝምዙን ራስ ሲጨብጡ ክርኑ ጥቂት እንደ ታጠፈ መቅረት አለበት። ቀጥሎም ትንሿን ጣት በወፍራሙ ክር ላይ ያሳርፋል፤ አንጓው ሳይጣመም ከደረሰች ልኩ ተገኝቷል። የድምፅ ሙላት ከርዝመት ብቻ ሳይሆን ከሳጥኑ ስፋትና ጥልቀትም ስለሚመጣ፣ አጠር ያለ ቪዮላ የግድ ድምፁ የቀጠነ አይሆንም። ወጣቷም በዚህ መንገድ መርጣ ዛሬ በ39.5 ሴንቲ ሜትር ትጫወታለች። ትርጉማችንንም አርመን ሰጥተናታል፤ «ሙሉ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ወጥቷል።