ቪክቶሪያን ሳሎን በቱሉ ዲምቱ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራየች። ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ደርዘን ብርጭቆ ገዝተን «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ልንላት ተሰብስበን ሄድን። ቤቱ ወና ነው። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ረከቦት፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር። እሷ ግን ወናነቱ አልታያትም፤ ስልኳን አውጥታ ያጠራቀመቻቸውን ፎቶዎች ታሳየን ጀመር። ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ፣ ከላይ እስከ ወለል የሚወርድ የከፋይ መጋረጃ፣ በወርቃማ ፍሬም የታጨቀ ሳሎን... «ቪክቶሪያን ነው የማደርገው» አለችን። በጀቷን ጠየቅናት። ነገረችን። ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች፤ ደሞዟን ከእኛ በላይ ታውቀዋለቻ!

ይሄ ጽሑፍ የዚያ ሳቅ ካሳ ነው። ነገሩን ማንበብ የጀመርነው ልናሾፍባት ነበር፤ ስናነብ ግን የተሳሳትነው እኛ ሆነን ተገኘን።

ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝ ላይ የነገሡት ከ1837 እስከ 1901 ነው (የባሕር ማዶውን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛ እንጽፋለን)። ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 የጻፉላቸው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ መዘዙ እስከ መቅደላ ደርሷል። በ1898 ደግሞ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርፀው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልከዋል። ይሄ የቤተ መንግሥት ለቤተ መንግሥት ጨዋታ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ሳሎኑ ነው።

ቪክቶሪያን ሳሎን በፎቶ ሲታይ የባለጸጋ ቤት ይመስላል። የባለጸጋም ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ፣ አበባው፣ መጋረጃውና ጌጣጌጡ እንዲያ የተትረፈረፈው የጸሐፊው፣ የባለሱቁና የሠራተኛው ቤትም ስለገባ ነው። የግድግዳ ወረቀትን እንይ። ከዚያ በፊት በእጅ፣ በእንጨት ማኅተም እየተመታ የሚታተም ውድ ነገር ነበር፤ ከ1712 ጀምሮም መንግሥት ቀረጥ ይጭንበት ነበር። ቀረጡ በ1836 ተነሣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዳርወን በምትባል የላንክሻየር ከተማ የጨርቅ ማተሚያ ማሽን ተሻሽሎ፣ በእንፋሎት እየዞረ ወረቀት ማተም ጀመረ። በ1834 እንግሊዝ ውስጥ ይመረት የነበረው ወደ 1 ሚሊዮን ጥቅል ነበር፤ በ1874 32 ሚሊዮን ደረሰ። በእጅ ይሠራ የነበረው ዳንቴል መጋረጃም በኖቲንግሃም ማሽኖች እየተሠራ ረከሰ። ዊልያም ሞሪስ ይሄ የፋብሪካ ውድድር አንገሽግሾት ወደ እጅ ሥራ እንመለስ አለ፤ ዳሩ ግን በእጅ የታተመውን የእሱን ወረቀት የሚገዛው ሀብታም ብቻ ሆነ። (ጓደኛችን የወደደችው አረንጓዴ ደግሞ በዚያ ዘመን አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ነበረበት። ይሄን ስንነግራት ቀለሙን አልቀየረችም፤ «የዛሬው የለበትም አይደል?» ብላ አለፈችን።)

ይበልጥ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። የዚያን ዘመን እንግሊዛዊ አብዛኛው ተከራይ ነበር። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል በኪራይ ቤት ይኖር ነበር። ተከራይ ግድግዳ አያፈርስም፣ መስኮት አያሰፋም። ስለዚህ የሚያጌጠው ተሸክሞት በሚሄደው ነገር ነው፦ በመጋረጃ፣ በምንጣፍ፣ በጠረጴዛ ልብስ፣ በፎቶ፣ በቁምሳጥን። «ምስማር እንዳትመቱ» የሚል አከራይ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ይሄን ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል።

ቆርቆሮም አለ። የምንንቀው ቆርቆሮ! ሞገድ ያለው ቆርቆሮ በ1829 ለንደን ውስጥ የባለቤትነት መብት የወጣለት ፈጠራ ነው። የቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት በ1851 ስኮትላንድ በሚገኘው የባልሞራል ርስታቸው የዳንስ አዳራሽ በቆርቆሮ አሠርተዋል። ንግሥቲቱ በቆርቆሮ ቤት ጨፍረዋል ማለት ነው። ከአቃቂ እስከ ሳሪስ ያለውን ጣሪያ ከዚህ በኋላ በአክብሮት ብናየው አይከፋም።

ይሄ ሁሉ ወደ እኛ እንዴት መጣ? አንዱ መንገድ በአቃቂ በኩል ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ ከመግቢያዋ ያለች ጣቢያ ነበረች። ከወደብ የሚመጣ እቃ አቃቂን ሳያልፍ ከተማ አይገባም። ከእቃው ጋር ስሙም ገባ። «ሳሎን»፣ «ቡፌ»፣ «ዳንቴል» ፈረንሳይኛ ናቸው፤ «ኮመዲኖ» ጣልያንኛ ነው። «ኮርኒስ» የሚለው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንጅ ዘንድ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ላይ የሚዞር ጌጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሙሉው የውስጥ ጣሪያ ሆኖ አረፈው። የድሃው ቤት ኮርኒስ ከአቡጀዴ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የሚወጠር ነበር። የጭቃው ግድግዳ ደግሞ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ስንት ቤት አልብሷል! በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ የታተመ ወረቀት... እንግዲህ ከዳርወኑ ወረቀት በምን ይለያል? ምናልባት የእኛው የሚነበብ በመሆኑ።

የዘመዳሞቹን ቤት ከማንም በላይ ያመሳሰለው ግን ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ይመስለናል። በአዋጁ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ብዙው የከተማ ሰው የቀበሌ ተከራይ ሆነ። የቀበሌ ቤት ለማደስ ፈቃድ ያሻል። ቡፌ ለመግዛት ግን ማንንም አያስፈቅድም። እናቶቻችን መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ የማይጠጣበትን ብርጭቆ ደርድረው፣ ቴሌቪዥኑን በዳንቴል አልብሰው፣ የሠርግና የምረቃ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች ሰቅለው የኖሩት በሰው ቤት ውስጥ የራሳቸው የሆነው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ አድገን «ኧረ ይሄ ነገር አቧራ ይይዛል» እንላለን።

የጓደኛችን እናት የሚኖሩት ከአሮጌው አቃቂ፣ ከቀበሌ ቤት ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የህንድ ባለሀብቶች ባቋቋሙት፣ በኋላ ደርግ በወረሰው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። ሳቃችን ካሳፈረን በኋላ እሳቸው ዘንድ ቡና ጠጣን። ቡፌው አለ። ዳንቴሉ አለ፦ የሶፋው፣ የራዲዮው፣ የጠረጴዛው፣ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ አናናስ የሚመስል። ልጅየው ይሄን ሁሉ ለልዋጭ ሰጥታ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ እንዲቀበሉ ስትመክራቸው እንደከረመች ነገሩን። እሷ አቀረቀረች።

«እማማ፣ ይሄ ትልቁ ስንት ጊዜ ፈጀብዎ?» አልናቸው።

«እኔ እንጃ ልጆቼ። የማታ ፈረቃ የሌለኝ ጊዜ ነበር የምሠራው» አሉ።

ኪሮሹን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅን፤ ጎረቤት ናት፣ እሷም ከትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል ያመጣችው። እኛም ያነበብነውን አጫወትናቸው፦ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1900፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ ደቡብ አፍሪካ ለዘመቱ ወታደሮች ስምንት የአንገት ልብስ በኪሮሽ ሠርተዋል። «ስምንት ብቻ?» አሉ።

በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሱ ሰዎች ገላን ጉራ ሲገቡ አይሱዙው ላይ ከተጫነው እቃ ፊት ለፊት የሚታየው ቡፌ ነበር። ቤቱ ፈርሷል፤ ቡፌው መጥቷል። ስንቱ በአዲሱ ደረጃ እንዳለፈ፣ ስንቱ ምናለሽ ተራ እንደገባ እነሱ ያውቃሉ። የጓደኛችን እናት ቡፌም ባለፈው እሁድ ቱሉ ዲምቱ ገባ። መግባት እንኳን አይባልም፤ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። አናጢ ተጠርቶ ለሁለት ከፈለው፤ ባለመስታወቱ ሳሎን ሲገባ የታችኛው ክፍል ጎረቤት ዘንድ ተቀመጠ። አንዱን ግድግዳ ብቻ አከራዩን አስፈቅደን በአንድ ጋሎን አረንጓዴ ቀባነው። መጋረጃው ከፋይ አይደለም፤ ከመርካቶ የመጣ ቁራጭ ጨርቅ ነው፣ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ገጣጥሞታል። ፎቶዎቹን በገመድ ከአንዱ ምስማር ላይ አንጠለጠልናቸው (የተፈቀደልን አንድ ምስማር ነው)።

እናቷ ትልቁን ዳንቴል በፌስታል ጠቅልለው በእጃቸው ይዘው መጡ። ቤቱን ዞረው አዩ፣ አረንጓዴውን ግድግዳ ሲያዩ ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያ ዳንቴሉን ለልጃቸው ሰጥተው «በበረኪና እንዳታጥቢው» አሏት።