አራዳ ነህ ወይስ ፒያሳ ነህ?

ጓደኛችሁን «አንተ እኮ አራዳ ነህ!» በሉት፤ ፊቱ ይፈካል። «አንተ እኮ ፒያሳ ነህ!» በሉት፤ ያብዳችሁ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ሁለቱም ያንድ ሰፈር ስም ናቸው። ታዲያ ቅጽል መሆን የቻለው አንዱ ብቻ ለምንድን ነው?

ነገሩ ከገበያ ይጀምራል። በምኒልክ ዘመን አራዳ ማለት ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚውለው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ በቅሎው፣ አሞሌው ሁሉ እዚያ ይወጣል። ነጋድራሱም ቀረጥ የሚሰበስበው፣ የነጋዴ ክርክር የሚዳኘው በዚያው ነው። ህንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ዐረቡ በዙሪያው ሱቅ ከፈቱ። የከተማው ጸጥታ አስከባሪ እንኳ «ያራዳ ዘበኛ» ነበር የሚባለው።

እንግዲህ እዚህ መሃል ያደገ ልጅ አስቡ። ከየአገሩ የመጣ ሰው ያያል፣ ቋንቋ ይለቅማል፣ ሚዛን የሚያጭበረብረውን ካይኑ ይለየዋል። «ያራዳ ልጅ» ተባለ። እኔ እንደሚመስለኝ «ልጅ» የሚለው ወድቆ አራዳ ለብቻው ጠባይ የሆነው ከዚህ ነው፦ ንቁ፣ ተግባቢ፣ የማይሸወድ። ተቃራኒውን ታውቁታላችሁ፤ ፋራ!

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ። ከተማዋን በዘር ሊከፍላት ፈለገና ገበያውን ነቅሎ «ለአገሬው ሰው» ወዳለው ሰፈር፣ ወደዛሬው መርካቶ ወሰደው። ጊዮርጊስ ፊት የቆመውን የምኒልክ ሐውልትም አነሣ። አራዳን «ፒያሳ» አለው፤ በቋንቋው አደባባይ ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ወጣ፤ ሐውልቱም በኋላ ተመለሰ። ገበያው ግን እዚያው መርካቶ ቀረ፤ ፒያሳ የሚለው ስምም አብሮን ቀረ።

የቦታውን ስም መለወጥ ችለዋል። የሰዉን ስም ግን አልቻሉም። ፒያሳ የተወለደው ሁሉ «ያራዳ ልጅ ነኝ» ማለቱን አልተወም።

ዛሬ ዛሬ አታላዩንም «አራዳ ነው» እያልን ነው። አልስማማም! አራዳ አይታለልም እንጂ አያታልልም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ ያደጉ ሰዎች ዛሬ ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናቸው። ያኔ ገበያው ሲሄድ ሰዉ ስለቀረ ቃሉን አቆየው። አሁን የሄደው ሰዉ ነው። የልጅ ልጆቻቸው «አራዳ ሁን እንጂ!» ሲባባሉ፣ ቃሉ ከየት ሰፈር እንደመጣ የሚነግራቸው ማን ይሆን?