ማይሉ የማን ነው? ከለገሃር ሦስተኛ ማዕረግ እስከ ቦሌ ላውንጅ

ከሳሪስ ቦሌ ኤርፖርት ቅርብ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ግን ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይመላለሳል። አንደኛው ዓመቱን ሙሉ ለስብሰባ የሚበር ኃላፊ ነው። ኤርፖርት ሲደርስ ወርቃማ ካርዱን አሳይቶ ላውንጅ ይገባል፤ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሶፋ ላይ አረፍ ብሎ በረራውን ይጠብቃል። ሁለተኛዋ ለኮንትራት ሥራ ቤይሩት የምትሄድ ወጣት ናት። ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቦታ ካጣች ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ እንዳያልፋት ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች።

ይህን ልዩነት ብዙ ሰው "ያለውና የሌለው" ብሎ ያልፈዋል። ታሪኩን ለሚያይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኃላፊው ትኬቱን በራሱ ገንዘብ አልገዛም። እሷም እንደዚያው።

🔹 ማዕረግ በባቡር መጣ

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ተሳፋሪን በማዕረግ የመክፈል ልማድም አብሮ ገባ። ከለገሃር ወደ አቃቂ በሚወርደው በዚያ ሐዲድ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ የሚባል ነገር ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በከፈልከው ልክ ትቀመጣለህ። ማዕረጉም ለዚያ ጉዞ ብቻ ነው። ከባቡሩ ስትወርድ ያልቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታህሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ደግሞ ማዕረግ የሚያስለይ ምቾት ብዙም አልነበረም። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። መንገደኛው ግራና ቀኝ ባለው ታጣፊ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ መካከሉ ላይ ጭነት ይታሰራል። ዘመኑ የልደታው አሮጌ ማረፊያ ዘመን ነው። ጄቶቹና ቦሌ የመጡት በ1955 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

🔹 ላውንጁ ከየት መጣ?

የአሜሪካው አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ፣ ላጓርዲያ ኤርፖርት ላይ "የአድሚራሎች ክበብ" የሚባል ማረፊያ ከፈተ። መጀመሪያ ላይ የሚገባው ኩባንያው መርጦ የጋበዘው ሰው ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1978 የአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ዋጋና መስመር በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበር። ቁጥጥሩ ሲነሳ ኩባንያዎች ደንበኛ መነጣጠቅ ጀመሩ። ቴክሳስ ኢንተርናሽናል በ1979፣ አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 የተጓዘበትን ማይል እየቆጠሩ መንገደኛን መሸለም ያዙ።

የዚህ ሐሳብ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በሥራ ምክንያት ደጋግሞ የሚበረው ሰው ትኬቱን የሚገዛለት መሥሪያ ቤቱ ነው። አየር መንገዱን የሚመርጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ሽልማቱ ለከፋዩ ሳይሆን ለመራጩ፣ ማለትም ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ተሰጠ። ከፋይና ተሸላሚ በዚያው ተለያዩ።

🔹 ጀርመን ላይ ያስከተለው ጣጣ

እ.ኤ.አ. በ2002 የጀርመን ፖለቲከኞች በመንግሥት ጉዞ ያጠራቀሙትን ማይል ለግል ጉዟቸው ተጠቅመዋል የሚል ዜና አገሪቱን አናወጠ። የበርሊን ከተማ የኢኮኖሚ ሹም የነበረው ግሬጎር ጊዚ በዚህ ምክንያት ከሥልጣኑ ለቀቀ። አሜሪካ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ2001 መጨረሻ የፌዴራል ሠራተኞች ማይሉን ለራሳቸው እንዲያደርጉት በሕግ ፈቅዳ ነበር። ሁለት አገር፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። ቢያንስ ጥያቄው በአደባባይ ተነስቷል።

🔹 ወደ ቦሌ ስንመለስ

የአየር መንገዳችን ሼባ ማይልስ ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲኒየም ደረጃዎች አሉት። ታህሣሥ 2004 ዓ.ም. ኩባንያው ስታር አሊያንስን ከተቀላቀለ ወዲህ የወርቅ ካርድ ቦሌ ብቻ ሳይሆን ውጭ አገር ያሉ የአባል አየር መንገዶችን ላውንጅም ያስከፍታል። መመዝገብ በነጻ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከአዲስ አበባ ጓንጁ 5,000 ማይል ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 10,000። ቤይሩት 1,700 ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 3,400። ኃላፊው ወይም ነጋዴው ጓንጁ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይመላለሳል። የኮንትራት ሠራተኛዋ ግን ሄዳ እስክትመለስ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በርካሽ ትኬት ላይ ደግሞ የሚታሰበው ማይል ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ተመዝግባ ብትሄድም ላውንጅ አትገባም። ይህን መሸሸግ አይገባም።

ጥያቄው ግን ከላውንጁ ሶፋ ያለፈ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሠራተኛዋን የደርሶ መልስ ትኬት አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። የኃላፊውን ትኬት መሥሪያ ቤቱ እንደሚሸፍነው ማለት ነው። እንግዲህ "ማይሉ የከፋዩ ሳይሆን የተጓዡ ነው" የሚለው ሕግ ለእሱ ከሠራ ለእሷም ይሠራል። በደላላ የሄደችዋ ደግሞ ይባስ። ቤተሰቧ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ነው የሸኛት። ከሦስቱ መካከል በእርግጥ ከኪሷ የከፈለችው እሷ ናት። በመዝገቡ ላይ ግን ስሟ የለም። ቅጹን ሙይ ያላት ሰው የለማ!

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተጠራቀመ ማይል ለመሥሪያ ቤቱ ቀጣይ ጉዞ ይዋል ወይስ ለኃላፊው ይሁን የሚለው በግልጽ መመሪያ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ለሠራተኞች ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ሥልጠና ላይ አምስት ደቂቃ ተወስዶ እያንዳንዷ ልጅ ትመዝገብ። ኤጀንሲዎችም ትኬት ሲቆርጡ የአባልነት ቁጥሯን ያስገቡ። ኩባንያው ደግሞ ከፈለገ፣ በብዛት ሳይሆን በቆይታ የሚለካ፣ ለተመላሾች የሚሆን አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ወይም ተራ የማያስጠብቅ መስኮት መፍጠር አያቅተውም።

የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ቢያንስ ቲኬቱ ላይ የተጻፈለትን ያውቅ ነበር። ከሳሪስ ሻንጣዋን ጎትታ የምትወጣው ልጅ ግን የሚገባት ነገር መኖሩንም አታውቅም። እህት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት የምትሸኙ ሁሉ፣ ፓስፖርቷን እንዳትረሳ እንደምታስታውሷት ሁሉ ይህንንም አስታውሷት።