የሰፈር ድርሻ

«ልጄ፣ ከየቤቱ ስንት ብር ነው የሚዋጣው?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት። ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ነን። የታደለን ወረቀት ርእሱ «የገንቢዎች መዋጮን ማስጠበቅ» ይላል። የተጠራነው በሰፈሩ ፎቅ የሚያቆመው ባለሀብት ለሰፈሩ ምን ይሥራ በሚለው ላይ እንድንነጋገር ነበር። እናታችን ግን «መዋጮ» ሲባል እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሄደ። እሳቸው አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።

ነገሩን ብዙው ሰው በግማሽ ያውቀዋል። ትልቅ ሕንፃ በመንገዱ፣ በውሃውና በፍሳሹ ላይ ሸክም ይጨምራል፤ ስለዚህ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሠሪው ለአካባቢው ቦይ፣ መናፈሻ ወይም ጤና ጣቢያ እንዲሠራ፣ አለዚያም ገንዘቡን እንዲከፍል ይዋዋላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት የከተማ ፕላን ሕግ አንቀጽ 106 ደንግገውታል፤ ሕጋቸውም የሚጠራው «ግዴታ» ብሎ ነው። እኛ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የምናውቀው የሊዝ ዋጋን ነው፤ እሱ ደግሞ የመሬቱ ዋጋ ነው። ሐረር ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ የነበረች፣ ሐይቁ ሲደርቅ የተጠማች ከተማ ናት። በአንድ ሰፈር አንድ ሆቴል ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ ጄሪካን ይዞ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ቃሉ ልመለስ። «መዋጮ» የ«ወጣ» ልጅ ነው፦ ወጣ፣ አዋጣ፣ መዋጮ። የእድር ቃል ነው፤ የሐረሪዎቹም መረዳጃ ማኅበር፣ አፎቻ፣ የቆመው በዚሁ ነው። ለሠርጉም ለሐዘኑም አባሉ ከኪሱ ያወጣል፣ ነገ በተራው ይወጣለታል። መዋጮ እኩዮች ለእኩዮች የሚያደርጉት ነው። ፎቅ ሠሪው የሚከፍለው ግን ባመጣው ሸክም ልክ ነው፤ ከጎረቤቶቹ እኩል ብር ጥሎ የሚወጣበት ጉዳይ አይደለም።

«አስተዋፅኦ» ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህም የግእዝ ካባ የደረበ ያው «ወፅአ»፣ ማለትም «ወጣ» ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የምስክር ወረቀት ቃል ሆኗል፤ «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋፅኦ» ተብሎ ዋንጫ ይሰጥበታል። የሚገባንን ነገር በዚህ ስም ከጠራነው ችሮታ ይሆናል፤ ቢሰጠን እናጨበጭባለን፣ ቢቀርብን አፍ አውጥተን አንጠይቅም። «ካሳ»ም ለልማት ተነሺው የተቀመጠ፣ የራሱ አዋጅ ያለው ቃል ነው፤ እሱን ከዚህ ጋር ማደባለቅ ተነሺውን መጉዳት ነው።

እኔ «የሰፈር ድርሻ» እላለሁ። ድርሻ ከ«ደረሰ» የወጣ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ማለት ነው። ግን ሁለት ፊት አለው። «ድርሻህን ተወጣ» ሲባል ግዴታ ነው፣ «ድርሻዬን ስጡኝ» ሲባል መብት ነው። ከፋዩንም ተቀባዩንም በአንድ ጊዜ የሚይዝ እንዲህ ያለ ቃል እያለን ከፋዩን ብቻ በሚያሞግስ ስም ለምን እንጠራዋለን? «ማስጠበቅ»ም አይሆንም። የሚጠበቅ በእጅ ያለ ነገር ነው፤ ይህ ገና በእጃችን አልገባም። በአማርኛ ውል ይታሰራል፤ እንግዲያው «የሰፈርን ድርሻ በውል ማሰር» ነው።

ቃል ለማውጣት ሐረሬ አስተማሪ አያሻውም። በጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደውን ጠባብ መንገድ ያየ ያውቃል። ልብስ ሰፊዎቹ በየደጃፉ ተቀምጠው ፔዳሉን ሲረግጡት፣ ጨርቁ በመርፌው ስር እየሾለከ ሲያልፍ፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ሕዝቡም መንገዱን «መኪና ግርግር» አለው። «መኪና»ን ከባሕር ማዶ ተውሶ፣ «ግርግር»ን ከጆሮው ወስዶ ነው የሰየመው፤ ዛሬ መንገዱን ጠይቆ የሚሳሳት የለም። ቋንቋ እንዲህ ነው የሚሰፋው፤ ሰሚው የሚያየውንና የሚሰማውን ይዞ።

ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ትልልቁ ግንባታ የሚወጣው ከግንቡ ውጭ ወዳሉት ሰፈሮች ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ወረቀት የምታዘጋጁ የከተማው ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ርእሱን «የሰፈር ድርሻ» በሉት። ሰፈሩ የተረከበውንም ጽፋችሁ ለነዋሪው ደረሰኝ ስጡት፤ «ደረሰኝ»ም የዚያው የ«ደረሰ» ልጅ ነው።