ዲሹን ማን ያዙረው? ከአቃቂ ሬዲዮ እስከ ኢትዮሳት

የአቃቂን ጣራዎች ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የአገሪቱን የቴሌቪዥን ታሪክ ከዲሾቹ አቀማመጥ ማንበብ ይችላል። ከፊሉ ዲሽ ወደ ምዕራብ ዞሯል። የሚፈልገው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለውን የግብፁን ናይልሳት ነው። ከፊሉ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ሰማይ ሰማይ ያያል። እሱ የሚፈልገው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውንና ኢትዮሳት የምንለውን ነው። አቅም ያለው ቤት ሁለት ዲሽ ይተክላል። አቅም የሌለው መምረጥ አለበት፤ ወይ የዓረብ ፊልም፣ ወይ የአገር ወሬ።

ይህ ምርጫ በብዙ ቤት ላይ የወደቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው ወደ ኢትዮሳት ሲጠቃለሉ፣ ዲሹን ያላዞረ ሰው ትናንት ያየው የነበረውን የአገሩን ቻናል ዛሬ አጣው። ጉዳዩ በጊዜው የቴክኒክ ጉዳይ ተደርጎ ታለፈ። ቴክኒሺያን ጠርቶ፣ ሪሲቨሩን ሰርች አስደርጎ፣ አለቀ! እኛ ግን አላለቀም እንላለን። ለምን እንደምንል ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ እንሂድ።

የአቃቂ ድምፅ

አቃቂ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የድሮው ባቡር ጣቢያና የከባድ መኪኖች ሰልፍ ነው። ኢትዮጵያ ድምፅዋን በአየር ላይ ለዓለም ያሰማችው ግን ከዚሁ ሰፈር ነበር። በ1920ዎቹ ዓ.ም. አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ አቃቂ ላይ የሽቦ አልባ ጣቢያ ሠራ። የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ተከማችቶ በነበረበት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሬዲዮ ለዓለም ተናገሩ። አዲስ አበባ የከተሙት የውጭ ጋዜጠኞችም የጦርነቱን ዜና ወደየአገራቸው የሚልኩት በአቃቂ በኩል ነበር። ወራሪው አገር ኩባንያ የሠራው ጣቢያ የወረራውን አቤቱታ ማሰሚያ ሆነ ማለት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ያ ድምፅ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ መቀበያ የነበረው ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። የአቃቂ ገበሬ ከማሳው አጠገብ የተነሳው ድምፅ በራሱ ላይ አልፎ ባሕር ማዶ ሲሄድ እሱ አልሰማውም። ማሰራጫው አጠገብ መኖርና ስርጭቱን ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አቃቂ ያወቀው ያኔ ነው።

ከእንጨት አንቴና ወደ ዲሽ

ቴሌቪዥን የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ቀን፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ተመልካቹ የሚጠበቅበት ነገር ቀላል ነበር። አንቴና ገዝቶ፣ ረዥም እንጨት ላይ አስሮ፣ ወደ ከተማው ማዞር። ምርጫ አልነበረም፤ ያለው አንድ ጣቢያ ነው፣ እሱም የመንግሥት ነው። ቢሆንም ምልክቱ ከዚሁ ምድር ተነስቶ እዚሁ ምድር ላይ ያርፍ ነበር።

ዲሽ ይህን ለወጠው። ግብፅ የመጀመሪያዋን ናይልሳት ያመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ዲሽ ከሀብታም ግቢ ወጥቶ እስከ ቆርቆሮ ቤት ወረደ። አንዴ ዲሽና ሪሲቨር የገዛ ሰው ወርሃዊ ክፍያ የለበትም። ኤም ቢ ሲ 2ን ከፍቶ የሆሊውድ ፊልም በዓረብኛ ጽሑፍ ያያል፤ ልጆቹ ካርቱን ያያሉ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ሕዝቡ ያለበት ድረስ ሄዱ። በ2008 ዓ.ም. ስርጭት የጀመረው ቃና በናይልሳት ገብቶ ከተማውን በ«ጥቁር ፍቅር» ያጥለቀለቀው፣ ዲሹ ቀድሞ ወደዚያው ዞሮ ስለጠበቀው ነው።

ሰማዩ ግን ከፖለቲካ ነፃ አልነበረም። ኢሳትን ለማየት የሞከረ ሰው ምልክቱ እየጠፋ እየመጣ ሲያንገላታው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 አረብሳት ምልክቴ የሚታወከው ከኢትዮጵያ ምድር ነው ሲል ከሰሰ። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ኢሳትንና ኦ ኤም ኤንን ማየት ራሱ ተከለከለ። ቤትህ ውስጥ ሪሞት መጫን ወንጀል የሚሆንበት ዘመን ነበር። ያኔ ቻናል ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ይገባው ነበር፤ ያጠፋው ማን እንደሆነ ይታወቃልና።

የ2013ቱ መዞር

የ2013ቱ ማጣት ግን ሌላ ዓይነት ነው። ማንም ምንም አልከለከለም። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት ተመሠረተ። ኤን ኤስ ኤስ 12 በተባለው ሳተላይት ላይ የአገር ቻናሎች በአንድ ቦታ፣ በተሻለ የምስል ጥራት ይሰበሰባሉ ተባለ። የህዳሴው ግድብ ውዝግብ የጋለበት ጊዜ ስለነበር፣ ድምፃችንን ከግብፅ ሳተላይት ማውጣቱ ለብዙ ሰው ተጨማሪ ደስታ ነበር። ሐሳቡን እኛም አንቃወምም።

የምንጠይቀው ሒሳቡን ማን ከፈለው የሚለውን ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ኢትዮሳት ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 66 ዲግሪ ገደማ ላይ። ስለዚህ ነገሩ ዲሹን ነካ ነካ በማድረግ የሚያልቅ አይደለም። ፈትቶ፣ ከግማሽ ዙር ብዙ ያልራቀ አዙሮ፣ እንደገና ማሰር ይጠይቃል። ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህ ማለት ጣራ የሚወጣ ባለሙያ መጥራትና ኪስ መዳሰስ ነው። የዓረብ ቻናሎቹንም ላለማጣት የፈለገ ሁለተኛ ዲሽ፣ ሁለተኛ ኤል ኤን ቢና ተጨማሪ ኬብል ይገዛል። ያልቻለው ዲሹን እንዳለ ተወው። ያ ዓመት ደግሞ የወረርሽኝ፣ የጦርነትና የምርጫ ዓመት ነበር። የአገር ዜና በጣም በሚያስፈልግበት ዓመት ቴሌቪዥኑ እየሠራ ከአገሩ ዜና የተቆረጠ ቤት ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካም ሰው የሰፈሩን ጣቢያ ያጣል። እዚያ ምክንያቱ የዋጋ ድርድር ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔክስታርና ዳይሬክ ቲቪ በክፍያ ባለመስማማታቸው ከሐምሌ እስከ መስከረም ከ150 በላይ የአካባቢ ጣቢያዎች ከደንበኞች ስክሪን ጠፍተው ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የአሜሪካው ተመልካች በየወሩ የሚከፍል ደንበኛ ስለሆነ ስልክ አንስቶ የሚጮህበት ኩባንያ አለው፤ አንቴና ገዝቶም ጣቢያውን ከምድር በነፃ መሳብ ይችላል። የአቃቂው ተመልካች ለማን ይደውል? ደንበኛ አይደለም፤ ውል የለውም፤ ማንም ዕዳ አለብኝ አይለውም።

የምድሩ መንገድስ? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በእኛ የዓለም ክፍል ላሉ አገሮች ወደ ዲጂታል የምድር ስርጭት መሸጋገሪያ ያደረገው ቀን እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2015 ነበር። ቀኑ ሲያልፍ ኢትዮጵያ አልጨረሰችም። ያ ሥራ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በ2013 ዓ.ም. አቃቂ ያለ ቤት በትንሽ አንቴና ብዙ የአገር ቻናል ያገኝ ነበር። ይልቁንስ ሃያ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ካለ ስቱዲዮ የሚወጣ ዜና 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጥቶ፣ ያንኑ ያህል ቁልቁል ወርዶ ነው አቃቂ የሚደርሰው። መንገዱም የኪራይ ነው። ከካይሮ ወደ ሉክሰምበርግ አከራይ ቀየርን እንጂ ቤቱ የራሳችን አልሆነም።

ሳተላይትም ያረጃል። ኤን ኤስ ኤስ 12 የመጠቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሳተላይት ሲሠራ የሚታሰብለት ዕድሜ ደግሞ 15 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ባይሆን ነገ ሌላ ሳተላይት፣ ሌላ ፍሪኩዌንሲ፣ ምናልባትም ሌላ አቅጣጫ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የቀኑ ቁርጥ አስቀድሞ ይነገረን። በሁለቱም ሳተላይት ጎን ለጎን የሚተላለፍበት ጊዜ በወራት ይቆጠር። አቅም ለሌለው ቤት የማዞሪያው ወጪ ይታሰብ። ከሁሉም በላይ የምድሩ ዲጂታል ስርጭት ሰማዩን የማይፈራ መጠባበቂያ ይሁን። እነዚህ ካልተሟሉ አዲሱ ሳተላይት የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ የሚያየው ጣራ ላይ ሰው ለማስወጣት አቅም ያለው ብቻ ነው።