ሹመትና ምርጫ በገዳሪፍና በፋሽጋ

በአትባራና በሰቲት (በኢትዮጵያ በኩል ተከዜ) ወንዞች መካከል የተዘረጋው የፋሽጋ ጥቁር አፈር ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል። ፋሽጋ የሱዳኗ ገዳሪፍ አካል ሆኖ ሲተዳደር ሹሙን ማን ይሾማል የሚለው ጥያቄ በየመንግሥቱ የተለያየ መልስ አግኝቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገዳሪፍ ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል ነበር፤ ስሙ የተወሰደው ከሹክሪያ ጎሳ መሪዎች ከአቡ ሲን ቤተሰብ ነው። እንግሊዞችም ሱዳንን በጎሳ መሪዎች በኩል መግዛትን መረጡ። በ1922 ለዘላን ሼኾች፣ በ1927 ደግሞ ለሌሎች ሼኾች የዳኝነት ሥልጣን በሕግ ሰጡ። የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ የመጣው በ1953 ነው። የሕንዱ የምርጫ ኮሚሽነር ሱኩማር ሴን የመሩት ኮሚሽን ከ92 የአካባቢ መቀመጫዎች 35ቱን ብቻ በቀጥታ ድምፅ አስመረጠ፤ የቀሩት በመራጭ ተወካዮች ተሞሉ። እንዲህ ባለ ምርጫ የሼኹ ቃል ሚዛን መድፋቱ አይቀርም።

ይህን ሥርዓት አጥንቶ ሊያፈርሰው የተነሣው ምሁር ዶክተር ጃፋር መሐመድ ዓሊ በኺት ናቸው። በኬምብሪጅ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበረው የእንግሊዝ አስተዳደርና በሱዳን ብሔርተኝነት ላይ ሲሆን፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ አስተምረዋል። በሱዳኑ መሪ በኒሜሪ መንግሥት የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር ሆነው የ1971ን የሕዝብ አካባቢ አስተዳደር ሕግ አወጡ። ሕጉ የጎሳ አስተዳደርን ወደ ጎን ትቶ ከአውራጃ እስከ መንደር የሚወርዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ምክር ቤቶችን አቆመ። ይሁን እንጂ የክፍለ ሀገሩ ኮሚሽነር ከላይ የሚሾም ነበር፤ ምክር ቤቶቹም በአንድ የፖለቲካ ድርጅት ጥላ ሥር ነበሩ። በአጭሩ፣ ሕጉ የናዚሩን (የጎሳ ሹሙን) ቦታ ለመራጩ ሳይሆን ለኮሚሽነሩ አስረከበ። ገዳሪፍ ያኔ የከሰላ ክፍለ ሀገር አካል ነበረች።

 ሕጉ በወጣ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1972፣ ኢትዮጵያና ሱዳን በፋሽጋ ጉዳይ ደብዳቤ ተለዋወጡ። የእንግሊዙ ሻለቃ ግዊን በ1903 የኢትዮጵያ ተወካይ ሳይኖር ያሰመረው ድንበር መነሻ ሆኖ ተወሰደ፤ በመሬቱ ላይ የሚያርሱ ኢትዮጵያውያን ግን ጉዳዩ እስኪቋጭ ባሉበት እንዲቆዩ ተባለ። መራጭ የሚቆጠረው በሚኖርበት አካባቢ ነው፤ የዚህን አካባቢ ወሰን ደግሞ አዲሱ የምክር ቤት ሕግ ሊያሰምር አይችልም ነበር።

ገዳሪፍ ራሷን የቻለች ግዛት የሆነችው በ1994 ነው። በ2010 የሱዳን ግዛቶች አስተዳዳሪዎች በቀጥታ ድምፅ ተመረጡ፤ በገዳሪፍ ያሸነፉት የገዢው ፓርቲ ዕጩ ከረም አላህ ዓባስ በ2012 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በጥር 2015 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አስተዳዳሪ የመሾምን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ መለሰ። የሱዳን ጦር በ2020 መጨረሻ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ያርሱት ወደነበረው የፋሽጋ ምሥራቃዊ ክፍል ሲገባ ገዳሪፍን የሚያስተዳድራት የተሾመ እንጂ የተመረጠ ሰው አልነበረም።